ስሙ እንጂ ደሙ

አያ ክንዱ የሚደውሉት አንድ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው። ስለዚህ መዝሙር በዚያ የመጋቢት ጠዋት ስማቸውን ስልኩ ላይ ሲያይ፣ ገና «ሃሎ» ሳይል ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ደህና አደርህ ልጄ? ማራገቢያዎቹ ዝም አሉ» አሉት።

«መቼ ነው አያ ክንዱ?»

«ትናንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ቷ አለ። ጭስ ጭስ ሸተተ። የማኅበሩ ሰዎች ሌላ አምጥተው ተኩ። እሱም ይበራል፤ ግን ማራገቢያዎቹን አያውቃቸውም። ድንቹ ማላብ ጀምሯል። ምነው ቶሎ ብትደርስልን?»

አያ ክንዱ ከዳባት ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የዘር ድንች መጋዘን ኃላፊ ናቸው። መጋዘኑ የገበሬዎች ማኅበር ነው። በጥቅምት የተቆፈረው ዘር እስከ ግንቦት እዚያ ይቆያል፤ አየሩ ከታፈነ ይበሰብሳል፣ ከበሰበሰ ደግሞ ያ ሁሉ ቤተሰብ በሰኔ የሚተክለው የለውም። መዝሙር ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በማራኪ ግቢ ኮምፒውተር ያስተምራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፀደንያ ከምትባል የሥራ ባልደረባው ጋር ሆኖ፣ የመጋዘኑን ሙቀትና እርጥበት እየለካ ማራገቢያዎቹን የሚያንቀሳቅስ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ሠርተው አስገጥመው ነበር።

ሥራውን ለሁለት ነበር የተካፈሉት። በኮምፒውተሩ ከርነል ላይ፣ ማለትም ከሁሉም ፕሮግራሞች ሥር ሆኖ ማሽኑን በሚገዛው ክፍል ላይ፣ የሚገጠሙ ሁለት ሞጁሎች፣ ተቀጥላ ፕሮግራሞች፣ ጻፉ። ካርዱን የሚያናግረው የፀደንያ ነው። ማራገቢያዎቹ መቼ እንደሚነሱ የሚወስነው የመዝሙር ነው። የእሱ ሞጁል ለብቻው ምንም አያደርግም። ሙቀት ለማንበብም፣ ሞተር ለማስነሳትም፣ በእሷ ሞጁል ውስጥ ያሉትን ፈንክሽኖች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮድ ቁራጮችን፣ በስማቸው እየጠራ ነው የሚሠራው።

አዲሱ ኮምፒውተር ከርነሉም አዲስ ነው። ሁለቱም ሞጁሎች ለእሱ እንደገና ኮምፓይል መደረግ፣ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ መለወጥ ነበረባቸው። መዝሙር ላፕቶፑን ከፍቶ የራሱን ሞከረ። ስክሪኑ በኤረር፣ በስሕተት መልእክት፣ ተሞላ። ይህ ስም አልተገኘም፤ ይህም ስም አልተገኘም። ሞጁሉ የሚጠራቸው ስሞች በሙሉ ባለቤት አጥተዋል። የፀደንያ ኮድ እሱ ዘንድ አልነበረም። ድሮ እሷ ሠርታ የጨረሰችውን ነበር የምትሰጠው፤ ሁልጊዜ አጠገቡ ስለነበረች ኮዱን ልያዘው ብሎም አስቦ አያውቅም።

ስልኩን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። ከፀደንያ ጋር ከተነጋገሩ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

በዚያን ጊዜ ለመጋባት ተስማምተው፣ ሽማግሌ የተላከው በኅዳር ነበር። የመዝሙር አባት መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ከጎንደር አድባራት በአንዱ የሚያገለግሉ የዜማ መምህር ናቸው። የፀደንያ ወገኖች የደንቢያ ሰዎች ናቸው። እንደ ወጉ የሁለቱም ትውልድ ተቆጠረ። ከእሷ ወገን አንድ ሽማግሌ ወደ ላይ እየቆጠሩ ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ «ወልደኢየሱስ» አሉ። መሪጌታ አቀርቅረው ይሰሙ ነበርና ቀና አሉ። የየትኛው አገር ወልደኢየሱስ እንደሆነ ጠየቁ፤ የሚስቱን ስም ጠየቁ፤ አጥቢያውን ጠየቁ። ሁሉም ገጠመ። የእርሳቸውም ዘር ከዚያው ሰው ይወርዳል።

«ሰባት ቤት አልሞላም» አሉት ለልጃቸው፣ ቤት ሲመለሱ። «እኅትህ ናት።»

ያ ቃል ከተነገረ በኋላ ሁለቱ አብረው ሻይ መጠጣት ራሱ ነውር ሆነ። ፀደንያ ከግቢው ሥራዋን ለቃ ባሕር ዳር አንድ ድርጅት ገባች። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ሠርጓ ሆነ። መዝሙር የሠርጉን ጥሪ ወረቀት ሰው እጅ ላይ ሲያይ፣ ወሬው በሚወራበት ሰሞን ከተማው ውስጥ ላለመሆን ብሎ ስልኩን ዘግቶ ለሱባኤ ገዳም ገባ። ሲመለስ ቁጥሩን ቀየረ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አባቱ ከአንድ የደንቢያ ለቅሶ ተመልሰው የልጃቸው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጥምጥማቸውን እንኳ አላወረዱም።

«መዝሙር፣ አንድ ነገር ሰማሁ» አሉ። «ወልደኢየሱስ ሚስቱን ሲያገባ ልጅ አዝላ ነው የመጣችው። የሌላ ሰው ልጅ። አሳደገው፣ በስሙም ተጠራ እንጂ አልወለደውም። የፀደንያ ወገኖች ከዚያ ልጅ ናቸው የሚወርዱት። ስሙ እንጂ ደሙ የለም። አጥፍቻለሁ ልጄ። ይቅር በለኝ።»

መዝሙር እግራቸው ላይ ወደቀ። «ኧረ አባቴ፣ ምን ማለትዎ ነው» አላቸው። እሷ ባል አግብታለች፤ ምን ይደረጋል? ለማንም አልተናገረም፤ አላለቀሰምም።

አሁን ግን ድንቹ እያላበ ነው። ደወለ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለች።

«መዝሙር ነኝ።»

ከጀርባዋ የሰው ንግግርና የፕሪንተር ድምፅ ይሰማል። ከዚያ በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማ፤ ጫጫታውም ጠፋ።

«ደህና ነህ?»

«ደህና። የዳባቱ ኮምፒውተር ተቃጠለ።»

«ድንቹስ?»

«እስካሁን አለ። አዲስ ኮምፒውተር አስገብተዋል። ግን ያንቺ ኮድ የለኝም፤ የእኔው ሞጁል ስሞቹን አጣ።»

«ስንቱን?»

«ሁሉንም።»

«ዛሬውኑ እልክልሃለሁ። መጀመሪያ የእኔን ኮምፓይል አድርግ። ሲያልቅ የስሞቹን ዝርዝር የያዘ ፋይል ያወጣል፤ ያንን ለራስህ ሞጁል የት እንዳለ ንገረው። ካልነገርከው አሁንም አላውቅም ነው የሚልህ።»

«አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ ትልና ትረሳለህ» አለች። ልክ እንደ ድሮው አድርጋ ነበር የተናገረችው፤ እሷም ታወቃት። «እሺ፤ ደህና ዋል» ብላ ዘጋች።

ኮዱ ከሰዓት በኋላ ደረሰው። አጻጻፏን ሳያየው ቆይቷል። ለፈንክሽኖቿ ስም የምታወጣው በአማርኛ ነበር፤ ፊደሉ ላቲን ቢሆንም ቃሉ የቤት ቃል ነው። ግቢ ውስጥ ሌሎቹ ይስቁባት ነበር። አንድ በአንድ እያነበበ፣ ለአዲሱ ከርነል የማይስማማውን አስተካከለና ኮምፓይል አደረገው። እንዳለችው የስሞቹን ፋይል ለራሱ ሞጁል አሳየው። ኤረሮቹ ረገፉ።

አንድ ብቻ ቀረ። «ይርጋ» የሚል ስም።

በላከችው ኮድ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ፈለገው፤ የለም። ከዚያ ትዝ አለው። ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ዳባት የወጡ ዕለት ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ነበር፤ መብራቱ ይሄዳል ይመጣል። መብራት ሲመለስ ሞተሮቹ ባንድ ጊዜ እየተነሱ ሲንገጫገጩ፣ ፀደንያ እዚያው መጋዘኑ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ይህን ፈንክሽን ጻፈች። ኃይሉ እስኪረጋ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሞተሮቹን ተራ በተራ ያስነሳል። ወደ ራሷ ላፕቶፕ ሳትገለብጠው መሸ። ሽማግሌ የተላከው በዚያው ሰሞን ነበርና ዳግመኛ አብረው አልወጡም። ኮዱ ከኮምፒውተሩ ጋር ተቃጥሏል።

እንደገና ደወለላት።

«ይርጋ የለም» አላት።

«ወይኔ!» አለች። «እዚያው ነው የጻፍኩት።»

«ለጊዜው ስሙን ብቻ፣ ውስጡን ባዶ አድርጌ ልጻፈው? ኮምፓይሉ ያልፋል።»

«እንዳታደርገው! ስሙን ያገኛል፣ ይጫናል፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስልሃል። መብራት ሄዶ የተመለሰ ቀን ሞተሮቹ በሙሉ ይቃጠላሉ።» ትንሽ አሰበች። «በቃሌ አልያዝኩትም፤ ካርዱን እየለካሁ ነበር የጻፍኩት። ቅዳሜ ጎንደር እንመጣለን፤ የአቢ አክስት ታማለች። ዳባት እንወጣለን።»

አቢ ባሏ ነው። መዝሙር ስሙን ከአፏ የሰማው ያኔ ነው። «እንወጣለን» ያለችው ቃል ግን ከስሙ ይልቅ ወጋው።

ቅዳሜ ማለዳ እሱ በሚኒባስ ቀድሞ ደረሰ። የዳባት ነፋስ ፊት ይልጣል። መጋዘኑ ውስጥ ሲገባ የእርጥብ አፈርና የሻገተ ነገር ሽታ ተቀበለው፤ አያ ክንዱ በሮቹን ሁሉ ከፍተው፣ የላበውን ድንች ለብቻ እየለዩ ነበር። ረፋዱ ላይ አንዲት ነጭ መኪና በር ላይ ቆመች።

አቢ ረጅም፣ ፊቱ ፈካ ያለ ሰው ነው። ከመኪናው ወርዶ የመዝሙርን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። «ስለዚህ መጋዘን ብዙ ነግራኛለች» አለው። «ጎበዞች ናችሁ። እኔ ከተማ ወርጄ ጎማ አስነፍቼ ልመለስ፤ እዚህ ብቆም ሥራ አስፈታችኋለሁ።» ለፀደንያ ከኋላ ወንበር ነጠላዋን አውጥቶ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላትና ሄደ። መዝሙር ሰውየውን መጥላት ፈልጎ ነበር፤ አቃተው።

ፀደንያ ትንሽ ከስታለች። የድንች ሣጥን ገልብጣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ስለሌላ ነገር አላወሩም። እሱ ካርዱ ላይ የመለኪያ ሽቦ አስነክቶ የሚያየውን ቁጥር ይነግራታል፤ እሷ ትጽፋለች። ዐረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ነበር የሚግባቡት፤ «ትንሽ ዝቅ...» ሲል ታስተካክላለች፤ እጇን ስትዘረጋ መፍቻውን ያቀብላታል። ሁለት ዓመት በመካከላቸው ያለፈ አይመስልም ነበር፤ ቀለበቷ ቁልፎቹ ላይ ቀጭ ቀጭ ባይል ኖሮ።

ይርጋ ተጻፈ። በሞጁሏ መጨረሻም ስሙን ለሌላው ሞጁል ክፍት የምታደርገውን መስመር ጨመረች። ሁለቱም ያለ አንድ ኤረር ኮምፓይል ሆኑ። መዝሙር ለመጫን ትዕዛዙን ጻፈ፤ ኮምፒውተሩ እንቢ አለ፤ «የማላውቀው ስም አለ» አለ።

«የእኔን አስቀድም» አለች ፀደንያ። «ያንተ ከእኔ በፊት ሊገባ አይችልም።» ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሁለቱም ሳቃቸውን በአንድ ጊዜ ተዉት።

የእሷን አስቀድሞ፣ የራሱን አስከተለ። ተጫነ። አያ ክንዱ ቆጣሪው ጋ ሄደው ዋናውን አጠፉ፤ መልሰው አበሩት። ሦስቱም ጆሯቸውን አቁመው ጠበቁ። ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ከጥጉ አንዱ ማራገቢያ አጉረመረመና ዞረ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው፤ ቀጥሎ ሌላው። ቀዝቃዛው አየር በድንቹ መደብ መካከል ሲያልፍ ፊታቸውን ነካው።

«ሸጋ! ሸጋ!» አሉ አያ ክንዱ። ሮጠው ወጥተው የተቀቀለ ድንች ከደረቅ በርበሬ ጋር በሰሐን ይዘው ተመለሱ። ሁለቱን ደጅ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጧቸው። «ግን ተቀይሜያችኋለሁ። ቀለበቷን አይቻለሁ። ምነው ሠርጋችሁን ሳትጠሩኝ? ሌላው ቢቀር እናንተን የምመርቅበት አፍ አጣሁ? በሉ ብሉ። ያንን ሾፌራችሁንም ጥሩት፣ ይቅመስ።»

መዝሙር መሬት መሬቱን አየ።

«ሾፌር አይደለም አያ ክንዱ» አለች ፀደንያ ቀስ ብላ። «ባለቤቴ ነው።»

አያ ክንዱ ሰሐኑን እንደያዙ ቆሙ። እሷን አዩ፤ እሱን አዩ። «የእግዜር ሥራ» አሉና ሰሐኑን በመካከላቸው አስቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን እያሹ ወደ ውስጥ ገቡ።

ድንቹ ላይ እንፋሎቱ እየጠፋ ሄደ። አንዳቸውም አልነኩትም።

«አባትህ ነገሩህ?» አለች ፀደንያ።

«ምኑን?»

«የወልደኢየሱስን ነገር።»

«ሰኔ ላይ ነገሩኝ» አለ። «አንቺ ... አንቺም ሰምተሻል ማለት ነው? መቼ?»

«ሠርጉ ሊደርስ ሲል።» ነጠላዋን ጎተት አድርጋ ተሸፈነች። «አያቴ ዓይናዲስ ከደንቢያ ለድግሱ መጣች። ያንተን ሽማግሌ ለምን እንደመለስን አታውቅም ነበር፤ ማንም አልነገራትም። ሴቶቹ ጌሾ ሲወቅጡ ሲያወሩ ሰማችና 'ምን ያለ ነገር ነው! ያ የወልደኢየሱስ ልጅ የሚባለው እኮ በእንጀራ ልጅነት ነው ያደገው' አለች። እንደ ቀላል ነገር። አጠገቧ ነበርኩ።»

መዝሙር ወደ እሷ ዞረ።

«ደወልኩልህ» አለች። «ያቺ ሴትዮ 'የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም' ትለኛለች። ደጋግሜ ደወልኩ። ልብስ ልለካ ነው ብዬ ከቤት ወጣሁና ጎንደር መጣሁ፤ ማራኪ ቤትህ ድረስ ሄድኩ። አከራይህ የት እንደሄደ አላውቅም አለችኝ። በሩ ላይ ቆምኩ። ወረቀት አውጥቼ ልጽፍልህ ነበር፤ ምን ብዬ ነው የምጽፈው? ድንኳኑ ተተክሏል። ጠላው ተጠምቋል። አንተን አግኝቼ አዎ ብትለኝ ሁሉንም እተወው ነበር። ሳላገኝህ ግን ምን ይዤ ልተወው? ምናልባት ረስተኸኝም ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ።»

«ገዳም ነበርኩ» አለ መዝሙር። «ሠርግሽን ላለመስማት ብዬ።»

ፀደንያ ፊቷን ወደ ተራራው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያያል። እጁን ሊዘረጋ ፈለገ፤ የሰው ሚስት ናትና አልዘረጋም።

«አቢ ያውቃል?» አላት በመጨረሻ።

«አንተን እንደማውቅህ ያውቃል። ይህንን አያውቅም።» ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «ምን በድሎኝ? ደግ ሰው ነው። እናቴ ስትታመም እንዴት እንዳስታመማት ብታይ...» ጨርሳ አልተናገረችም። «ዝም ብዬ ነበር የምኖረው፣ መዝሙር። አንተም አውቀህ ዝም ማለትህን ስሰማ ነው የባሰብኝ።»

የመኪናው ጡሩምባ ከበሩ ተሰማ። ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። አቢ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ተሳካ?» አለ።

«ተሳክቷል» አለች።

«እንግዲያውስ መዝሙርም ይምጣ፤ ቦታ አለ። እኛም ወደ ጎንደር ነን።»

«እናንተ ቅደሙ» አለ መዝሙር። «ትንሽ ላየው። መብራቱ እንደገና ቢሄድ ማየት እፈልጋለሁ።»

ፀደንያ እጇን ሰጠችው። እጇ በረዶ ነበር። «ኮዱን ሁለት ቦታ አስቀምጠው» አለችው። «አንዱን ለማኅበሩ ስጥ። ከእንግዲህ ሰው ፍለጋ አትሂዱ።» መኪናው ውስጥ ገባች። አቢ የሚነግራትን ስትሰማ በትንሹ ፈገግ ስትል በመስኮቱ አያት። መኪናው ወደ አስፋልቱ ወጥቶ ታጠፈ።

እሱ የተሳፈረበት ሚኒባስ ከደባርቅ የመጣ፣ ጢም ብሎ የሞላ ነበር። ወደ መጨረሻው ወንበር፣ ከአንዲት በዕድሜ ገፋ ካሉ ሴት አጠገብ አስቀመጡት። ሾፌሩ ዘፈን ከፍቷል። የዳባት ቤቶች አልቀው ሜዳው ሲጀምር፣ መዝሙር ሳያስበው እንባው መጣ። ሰኔ ላይ ያልፈሰሰው፣ ከዚያም በፊት በኅዳር ያልፈሰሰው ሁሉ መጣ። በመዳፉ ሊያፍነው ሞከረ፤ ድምፁ ግን አመለጠው።

ሴትዮዋ ዘወር ብለው አዩት። «ምነው ልጄ? መርዶ ነው?»

ራሱን ነቀነቀ። አዎ ይሁን አይደለም ይሁን እሱም አያውቅም።

«እግዜር ያጽናህ። ተው፣ ተው፣ ጎበዝ አይደለህ? ዘመድ ነው?»

«ዘመዴ አይደለችም» አለ መዝሙር። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል ማውጣት አልቻለም።

«ሴት ናት» አሉ ሴትዮዋ ከፊት ላሉት። «ነፍስ ይማር» አለ አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ። «ነፍስ ይማር» አሉ ሌሎቹም በየወንበራቸው። ረዳቱ ለሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገረው፤ ሾፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ አይቶ ዘፈኑን ዘጋው።

መዝሙር አልሞተችም ሊላቸው ይገባ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ነፍስ ይማር መባሉ እንደሚከብድ የመሪጌታ ልጅ አጥቶት አይደለም። ግን ያን ያህል ሰው አብሮት ሲያዝን የመጀመሪያው ነበር፤ አፉ አልታዘዝለት አለ። ሴትዮዋ የነጠላቸውን ጫፍ ሰጡት፤ ፊቱን በዚያ ሸፈነ። እጃቸውን ጀርባው ላይ አድርገው፣ ምንም ሳይጠይቁት፣ ጎንደር እስኪደርሱ እንዳደረጉ ቆዩ።

ሲወርድ ወደ ማራኪ አልሄደም። አባቱ ቤት ሄደ። መሪጌታ የጾም ምግባቸውን ሊቀምሱ ተቀምጠው ነበር። የልጃቸውን ዓይን አዩና እንጀራውን ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት።

«አየሃት?» አሉት።

«አየኋት።»

«ነገርካት?»

«ታውቃለች፣ አባቴ። ከሁላችንም በፊት ታውቅ ነበር።»

መሪጌታ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ ምሽት በኋላ ትውልድ ለማስቆጠር ወደ እርሳቸው የሚመጡትን ሰዎች ሌላ ሰው ፈልጉ እያሉ ይመልሷቸዋል። ለምን እንደሆነ ለማንም አይናገሩም።